ለሮኬት የተሳልኩት ጃንጥላ

የምሠራው ዌምብሊ ውስጥ ባለ ትልቅ የልብስ ሱቅ ነው፤ የተገዛ ዕቃ በሚመለስበት መስኮት። ሰው የገዛውን ይዞ ይመጣል፣ እኔ ተቀብዬ አገላብጬ አያለሁ። ቀሚሱ አንዴም አልተለበሰም ይሉኛል፤ ብብቱን ሳሸተው ሠርግ ውሎ መጥቷል። ጫማው መሬት አልነካም ይሉኛል፤ ሶሉ ውስጥ ጠጠር ተሰክቶ አገኛለሁ። "ለምን መለሱት?" ብሎ መጠየቅ የሥራዬ ደንብ ነው። መልሱን አለማመን ግን ከሥራው በፊትም የነበረኝ ነው። ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ፣ በሰፈራችን ማን ለማን እንደሚያወራ በማይታወቅበት ጊዜ፣ በር ሲንኳኳ ቶሎ አለመክፈትን ለምጃለሁ። ያኔ ገና አፏን የፈታች ልጄን ታቅፌ ለንደን ስገባ ሻንጣዬ ጎዶሎ ነበር፤ ጥርጣሬዬ ግን ምንም አልጎደለውም።

እንግዲህ ያቺው ልጅ አድጋ፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ወጥ ቤቴ ጠረጴዛ ላይ ላፕቶፗን ከፍታ፣ "ማሚ፣ ሮኬቱ እኮ አዲስ አይደለም፤ ያገለገለ ነው" ስትለኝ ሽንኩርት የምከትፍበትን ቢላ አስቀመጥኩ።

ልጄ ለዶክትሬቷ የምታጠናው ትል ነው። ከክር ጫፍ የምታንስ፣ ያለ መሣሪያ እንደ ልብ የማትታይ ትል። ሰው ጠፈር ላይ ሲከርም የሰውነቱ ክብደት ስለማይሰማው ጡንቻው ይሟሽሻል አሉ፤ የትሏም እንደዚያው። ለምን እንደሆነ ከታወቀ አልጋ ላይ ለዋሉ ሽማግሌዎች መድኃኒት ይገኝ ይሆናል። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ "ልጅሽ ምን ላይ ደረሰች?" ሲሉኝ "ሕክምና ነክ ነገር ነው" ብዬ አልፋለሁ። ተምራ ተምራ ትል ጠባቂ ሆነች እንዴት ተብሎ ይነገራል?

ትሎቿ ከጫማ ካርቶን ባነሰች ሣጥን ታሽገው ወደ ጠፈር ጣቢያው ሊላኩ ነው። እዚያ ላይ የሚኖሩ ሰዎች አሉ፤ ምግባቸው፣ ውሃቸው፣ የሚለብሱት ሁሉ ከታች ይላክላቸዋል፤ ከስንቁ ጋር የተመራማሪዎችም ዕቃ ይጫናል። ትሎቹ እዚያ ከርመው፣ በረዶ ሆነው፣ በወሰደቻቸው መንኩራኩር ተመልሰው ይመጣሉ። የልጄ ጥናት ያለው ሲመለሱ ነው። ካልተመለሱ ምንም የለም።

"ሌላ ሣጥን አለሽ?" አልኳት።

"የለኝም።"

"ይሄኛው ቢጠፋስ?"

"ጠፋ ነዋ። ጊዜውም የገንዘብ ድጋፉም አልቋል፣ ማሚ። ያለ ሣጥኑ ዶክትሬቱን መጨረስ አልችልም።"

"እና ይህን ነገር ባገለገለ ሮኬት ትልኪያለሽ?"

"ሪዩዝ ነው የሚያደርጉት! ሁሌ አዲስ ሠርቶ ሁሌ ባሕር ውስጥ መጣል አይሻልም። እይ፣ የታችኛው ክፍል ገፍቶ ያወጣታል፣ ከዚያ ይላቀቅና ተመልሶ ወርዶ በእግሩ ይቆማል። መንኩራኩሯ ትቀጥላለች። እሷም ከዚህ በፊት ሄዳ የመጣች ናት።"

"እሷም?"

"እሷም።"

ፎቶውን አሳየችኝ። ነጭ መሆን የነበረበት ሮኬት ከወገቡ በታች እንደ ማድቤት ግድግዳ ጠቁሯል።

"ይህ ጥላሸት ምንድን ነው?"

"ሲመለስ የራሱ ጭስ ነው ያጠቆረው።"

"አላጠቡትም?"

"ዋና ዋናውን ቼክ ያደርጋሉ። መልኩ ምን ያደርግልሻል?"

"ፊቱን ያላጠበ ሰው ምኑን ቼክ ያደርጋል?"

ልጄ በሳቅ ፍርፍር አለች። "ማሚ፣ ባለሙያዎቹ እኮ አሁን የበረረውን ነው የሚያምኑት። አዲሱን ማን አየው?"

ይህንን አነጋገር አውቀዋለሁ። ሰቨን ሲስተርስ ሰፈር ያገለገለ ፍሪጅ የሸጠልኝ ሰውዬ እጁን ፍሪጁ ላይ እያሳረፈ፣ "አዲስ ፍሪጅ አመሉ አይታወቅም፤ ይህ ግን ተፈትኖ ያለፈ ነው" ብሎኝ ነበር። ፍሪጁ የፋሲካ ዋዜማ ሥጋዬን እንደያዘ ሞተ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጄንም መጠርጠር ጀመርኩ። የምትነግረኝ ሁሉንም ነው ወይስ ለእኔ የሚመጥነውን? ስልኳ ሲጮህ ለምን ኮሪደር ትወጣለች? ዓርብ ዓርብ የጾም ምግብ ልትበላ እኔ ጋ ስትመጣ ትንሽ ቆርሳ ትተወዋለች። "ተመችቶኛል፣ ጠግቤ ነው" ትላለች። መስኮቴ ላይ ምንም አልሆነም የሚሉኝ ሰዎች የመለሱትን ልብስ ኪሱን ጭምር ነው የማየው።

ሰቨን ሲስተርስ የቅመማ ቅመም ሱቅ ያላት ጓደኛዬ ዘንድ ሄጄ ጭንቀቴን አወራኋት። አብረን ነው የምንቆርበው፤ አንደበቷ ግን እንደምትሸጠው ሚጥሚጣ ነው።

"ትል?" አለችኝ ሚዛኗን ትታ። "ትል ወደ ላይ? እኛ የተማርነው ትል ያለው ወደ ታች ነው።"

"አንቺ ደግሞ! ለመድኃኒት ነው።"

"ለመሆኑ እዚያ ላይ ጣቢያ አለ ያለሽ ማነው? አይተሽዋል?"

"ልጄ በረንዳ ላይ አውጥታ አሳይታኛለች። እንደ ኮከብ እያበራ ያልፋል።"

"አውሮፕላን ነዋ። ሂትሮው እዚሁ አይደል?"

"አውሮፕላን ቀይ መብራት ብልጭ ያደርጋል። ይህ ዝም ብሎ ነው የሚሄደው።"

"እንግዲያው የሚሰልል ነገር ነው። ዝም ብሎ የሚሄድ ነገር ደግ ሆኖ አያውቅም።" ቀጠለችና፣ "የባቢሎን ግንብም እንዲሁ ነው የተጀመረው፣ እህቴ" አለች።

"የባቢሎን ሰዎች መውረጃውን አላሰቡበትም። እነዚህ እግር ሠርተውለታል" አልኳት። ለሮኬት ጥብቅና መቆሜን የሰማሁት ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው።

ጓደኛዬ የገዛሁትን ኮረሪማ እየጠቀለለች አየት አደረገችኝ። "አንዴ የተረፈ ሁሌ አይተርፍም። እኔ ብሆን እሳልለት ነበር።"

ተሳልኩ። ሦስቱን ልጆች ከሚነድ እሳት ያወጣው መልአክ ስላለን ሌላ ማንን እለምናለሁ? እሳት የእሱ ጉዳይ ነው። በወርኃዊ በዓሉ ቀን ከሥራ አስፈቅጄ ሄድኩና ከቅዳሴ በኋላ ሥዕሉ ሥር ቆምኩ። ስለት ላይ ቃል መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ልጄ ውጭ አገር ይሂድልኝ ብላ የተሳለች ሴት አውቃለሁ፤ ሄደ። መመለሱን ስላልጨመረችበት ይኸው እስከ ዛሬ አልተመለሰም። ስለዚህ ምንም ሳላስቀር ቆጥሬ ተናገርኩ፦ ሮኬቱም፣ መንኩራኩሯም፣ የልጄ ሣጥንም ሄደው በሰላም ከተመለሱ ባለ ወርቅ ዘርፍ ጃንጥላ አስገባለሁ አልኩ። ሻማ ወይም መጋረጃ ማለት እችል ነበር። ግን ልጄ መንኩራኩሯ ስትመለስ የሚያሳይ ቪዲዮ ከፍታልኝ ነበር፤ ከሰማይ በሰፋፊ ጃንጥላዎች ተንጠልጥላ፣ እንደ ታቦት ቀስ ብላ ነበር የምትወርደው። ያ ከዓይኔ አልጠፋ አለ።

ለልጄ አልነገርኳትም። እናቴ ስለት እስኪደርስ አይወራም ትለን ነበር።

መነሻው ቀን በአየር ጠባይ ምክንያት ተላለፈ፤ እንደገና ተላለፈ። በመጨረሻ አንድ እሑድ ሆነ። ከቅዳሴ ተመልሼ ነጠላዬን ሳላወልቅ ልጄ ላፕቶፗን ይዛ ከች አለች።

"ጓደኞችሽ ዩኒቨርሲቲ ተሰብስበው አያዩም እንዴ?"

"ያያሉ።"

"ታዲያ እዚህ ምን አመጣሽ?"

"እነሱ ፊት ማልቀስ አልፈልግም" አለችና ወንበር ሳበች።

የጸበል ጠርሙሴን አነሳሁ። "ማሚ፣ እኔን እርጪኝ፤ ላፕቶፑን እንዳታረጥቢው" አለችኝ። እሷን ረጨኋት። ጥቂት ጠብታ ላፕቶፑም ላይ አርፏል፤ ሆን ብዬ ነው።

ስክሪኑ ላይ ያ ጥላሸታም ሮኬት ቆሞ ይተነፍሳል። ከሥሩ እሳት ወጣ፤ እንዲህ ያለ እሳት ሥዕል ላይ እንጂ በዓይኔ አላየሁም። ልጄ ክንዴን ያዘችኝ፤ ጥፍሯ እስኪሰማኝ። ወደ ላይ ሄደ፣ ሄደ፣ አነሰ። ከዚያ የታችኛው ክፍል ተላቀቀ፤ ስክሪኑ ሁለት ቦታ ተከፈለ። በአንዱ በኩል መንኩራኩሯን የያዘው ይጓዛል፣ በሌላው በኩል ያ የተላቀቀው አፉን ወደ ታች አድርጎ እሳት እየተፋ፣ ባሕር ላይ ወደቆመ መርከብ ይወርዳል። እግሮቹን ዘረጋ። ቆመ! እልል ልል አፌን ስከፍት አንዱ እግር ታጠፈ። ዘመም አለ፣ ትንሽ ያመነታ መሰለኝ፣ ከዚያ እንደ ሰከረ ሰው ሙሉ በሙሉ ተጋደመና ነደደ። ምስሉ ተቋረጠ።

"በስመ አብ!" ብዬ አማተብኩ።

ልጄ ታጨበጭባለች። እንባዋ እየወረደ ታጨበጭባለች። "ሄደልን! ማሚ፣ የኛ ሄደልን!"

"ወደቀ እኮ!"

"ያ እኮ ሥራውን ጨርሷል።"

"ሥራው መመለስ አልነበረም?"

"መመለሱ ለእነሱ ነው። የኔን ሣጥን አድርሷል። ቆይ፣ አንቺ ለምንድን ነው እንደዚህ የደነገጥሽው?"

ምን ልበላት? ስለቴን በሦስት እግር አቁሜው አንዱ ታጠፈብኝ ልበላት? ያን ሳምንት ቆሜም ተኝቼም ሐሳቤ ያው ነው። መልአኩ አልቀበልሽም እያለኝ ይሆን? ሮኬቱን ከነሣ መንኩራኩሯን ምን ያስተርፋታል? እሷም ያገለገለች ናት። ወይስ ከጅምሩ ሮኬት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ መጥራቴ ነው ጥፋቱ? ለንስሐ አባቴ ደወልኩ።

"አባ፣ ስለቴ ሳይበላሽብኝ አልቀረም።"

"ለምን ተሳልሽ፣ ልጄ?"

"ለሮኬት።"

"ለምን አልሽኝ?"

"ለሮኬት፣ አባ። ውስጡ ትል አለ።"

"ትል።"

"የልጄ ትምህርት ነው፣ አባ። በእሱ ነው የምትመረቀው።"

"እንደዚያ በይና እንጂ! ታመሽ ይሆናል ብዬ ደነገጥኩ።" ሁሉንም አስረዳኋቸው፤ የቆመውን፣ የታጠፈውን፣ የነደደውን። "እና አሁን የወደቀው፣ መልአኩ አልሰማኝም ማለት ነው?" አልኳቸው።

"አንቺ ልጅ፣ ሱቅሽ መስሎሽ ነው እንዴ? ከመልአክ ጋር ደረሰኝ ይዘሽ ትከራከሪያለሽ? የተሳልሽው ሦስት ነገር ነው። ልብሽ ያለው የትኛው ላይ ነው?"

"ሣጥኑ ላይ።"

"እንግዲያው ሣጥኑን ጠብቂ።"

ጠበቅሁ። ልጄ መንኩራኩሯ ደርሳ ጣቢያው ላይ መገጠሟን ነገረችኝ፤ ትሎቹ ወጥተው ቦታቸው መግባታቸውን ነገረችኝ። እያንዳንዱን "ማን ነገረሽ? እሱስ በዓይኑ አይቷል?" እያልኩ ነው የምቀበላት።

የዓመቱ በዓል ሲቃረብ ጥሩ ጥሩው ጃንጥላ ቀድሞ ስለሚያልቅ፣ ለማየት ያህል ቤተ ክርስቲያናችን ውስጥ ንዋየ ቅድሳት ወደሚሸጥበት ክፍል ወረድኩ። የሚጠብቁት አዛውንት ናቸው፤ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ማዕዘን ላይ ጃንጥላዎች ተደርድረዋል፤ አብዛኞቹ ከነላስቲካቸው፣ አንዱ ብቻ ያለ ላስቲክ። ቀይ ከፋይ ነው። እጄ እንደ ልማዱ ያንኑ አነሳና አገላበጠ። ዘርፉ ጋ ስደርስ እጄ ቆመ። ከዘርፉ አንድ ቦታ በአረንጓዴ ክር ተሰፍቷል።

ያ ክር የኔ ነው። ለንደን እንደገባን የመኖሪያ ፈቃዳችን ሲጓተት ተስዬ ነበር፤ ሲደርስልኝ ቀይ ጃንጥላ አስገባሁ። ዘርፉ መንገድ ላይ ስለተተረተረብኝ፣ ወርቅማ ክር አጥቼ፣ ቤት በነበረኝ አረንጓዴ ክር አያይዤው ነበር። በየበዓሉ ጃንጥላው ካህናቱ ራስ ላይ ሆኖ ሲወጣ በዓይኔ እፈልገው ነበር። ካጣሁት ቆይቷል።

"ጋሼ፣ ይህ ከየት መጣ?"

"ከየት ይመጣል? ከመቅደስ።"

"እንዲህማ አይሆንም። ይህ የኔ ስለት ነው። ልትሸጡት ነው?"

"ስለትሽማ ደርሷል፣ እኛ ዘንድ አድሯል። የተረፈው ይወርዳል፣ ሌላው ይገዛል፣ ይስላል፣ ያስገባል፣ ደግሞ ይወርዳል።" ጋሼ እንደ ተራ ነገር ነው የሚናገሩት። "ቤተ ክርስቲያን በምን ትተዳደር? ለመቶ ጃንጥላ ማስቀመጫ የት አለ? ይህ ለንደን ነው እኮ።"

"እና ስንት ሰው አስገብቶታል?"

"እኔ የእሱን ቁጥር አልይዝም። አንቺ በልጅነትሽም እንዲህ ነበርሽ?"

"ለአንድ ሰው የደረሰ ጃንጥላ ለሌላው እንዴት ያገለግላል?"

"ለሌላውም ደርሶለት ነው የተመለሰው።" ከዚያ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩኝ። "አዲስ ትፈልጊያለሽ? አዲስ አለ። ይኸው ከነላስቲኩ።"

ምንም ሳልገዛ ወጣሁ። አውቶቡስ ላይ ቁጭ ብዬ የተታለልኩ ያህል ተሰማኝ፤ ማን እንዳታለለኝ ግን አልያዝኩትም። በየበዓሉ እልል ያልኩለት ጃንጥላ የማን ነበር? የኔንስ ይዞ የተሳለው ሰው ምን ለምኖ ይሆን?

መንኩራኩሯ በተመለሰችበት ቀን ልጄ "ውሃ ላይ አርፋለች፤ ጃንጥላዎቹ ሁሉ ተከፍተዋል" ብላ መልእክት ላከችልኝ። ደስታዬ ሳይጀምር ሌላ መልእክት ተከተለ፦ ሣጥኑ በአውሮፕላን ከነበረዶው ለንደን እስኪደርስና እስኪከፈት አይታወቅም፤ በረዶው መንገድ ላይ ከቀለጠ ሁሉም ነገር አብሮ ቀልጧል። ሣጥኑ ይገባል በተባለበት ቀን ሥራ ላይ ነበርኩ። ጠዋት ደወልኩ፣ ስልኳ ዝግ ነው። በምሳ ሰዓት ደወልኩ፣ ዝግ ነው። ደግ ወሬ ስልክ አይዘጋም። ቢሳካ ይህን ጊዜ ጮኻ ነበር እያልኩ የሰው ሱሪ አገላብጣለሁ፤ እድፉን እያየሁ አላየውም።

ሰልፉ ረዝሞ ነበር። ቀጣዩ ሰው መስኮቴ ላይ ደረሰ፤ ቀና ሳልል፣ በልማድ፣ በእንግሊዝኛ "ለምን መለሱት?" አልኩ።

"ምንም አልሆነም፤ ደህና ነው" አለኝ በአማርኛ።

ቀና አልኩ። ልጄ ናት። ሥራ ቦታዬ መጥታ አታውቅም። ዓይኗ ቀልቷል፣ ጸጉሯ ተበታትኗል፣ እጇ ባዶ ነው።

"ደህና ነው?"

"እንደ በረዶ ድንጋይ። ሁሉም። ኦል ኦፍ ዘም፣ ማሚ።"

"ከፍተሽ አየሽው?"

"ከፍቼ አየሁት።"

"ሰው ነግሮሽ ነው ወይስ ራስሽ…"

"ማሚ!"

ከኋላዋ ሱሪ የያዘ ሰውዬ በረጅሙ ተነፈሰ። እጄን በመስኮቱ አሳልፌ ጉንጯን ያዝኩ። ቀዝቃዛ ነበር። ሙሉ ቀን በረዶ ቤት ውስጥ እንደቆየች ያኔ አመንኩ።

ስለቴን የነገርኳት ያን ቀን ወደ ቤት ስንሄድ ነው። መጀመሪያ ሳቀች፣ "ለትሌ? ለኔ ትል?" እያለች፤ ከዚያ ፊቷን ወደ አውቶቡሱ መስኮት አዞረች። በዓሉ ሲደርስ ሳልጠራት ነጠላ ተውሳ መጣች።

ጋሼ ዘንድ ቀድሜ ወርጄ ነበር። አዲሶቹን አንድ በአንድ ከላስቲካቸው አስወጥቼ ከፈትኩ፣ ዘጋሁ፣ ዘንጋቸውን ነካሁ። ምንም እንከን አልወጣላቸውም። ጋሼ ትዕግሥታቸው አልቆ "እንግዲህ ወስኚ፣ ልጄ፣ ቅዳሴው ሊያልቅ ነው" አሉኝ። ቀዩን አነሳሁ። ለምን እሱን እንደሆነ ጠየቁኝ።

"አዲሶቹን አላውቃቸውም" አልኳቸው።

ደጀ ሰላሙ ላይ ልጄ ጃንጥላውን ልያዝልሽ አለች፤ ሰጠኋት። ከፈተችው። ዘርፉ ተርገፈገፈ፤ ዓይኗ አረንጓዴው ክር ላይ አረፈ። የኔ ልጅ አይደለችም? ጨርቁን ገልበጥ አደረገች፣ ጠጋ ብላ አየች፣ ዘንጉን ሞከረች።

"ማሚ" አለችኝ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ "ይሄ ያገለገለ ነው እንዴ?"

"ቀጥ አድርገሽ ያዢ" አልኳት። "ታቦቱ ሊወጣ ነው።"